ቁንጫዋ መኪና

አባቴ ያቺን መኪና ይዞ የመጣ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሳቀብን። ስልሳ ሰው የሚጭን አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው፣ ለራሱ ሲገዛ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ገላዋ ነጭ ኮፈኗ አረንጓዴ፣ ትርፍ ጎማዋን ልጅ እንዳዘለች ሴት ከኋላዋ የተሸከመች ድንክዬ ጂፕ ይዞ ከተፍ አለ። የሸጠለት የከብት ሐኪም ነበር። ሐኪሙ አሥራ አራት ዓመት ከእርሻ እርሻ ሲዞርባት ስለኖረ ውስጧ መድኃኒት መድኃኒት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። የሰፈራችን መንገድ ድንጋያማ ነው፤ እሷ ደግሞ አጭርና ደረቅ ስለሆነች እያንዳንዱን ድንጋይ እየዘለለች ገባች። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ መካኒክ ነው፤ ምላሱ ከመፍቻው ይፈጥናል። መኪናዋ ገና ሳትቆም "ቁንጫ!" አላት። ስሟም በዚያው ጸና።

"ሹፌሩ፣ ምን ነካህ?" አለው አባቴን፣ ዙሪያዋን እየዞረ። "ይቺ እኮ ኩርባ ላይ ትገለበጣለች።"

"እንደ እብድ ለሚጠመዝዛት።"

"አስፋልት ላይ ነፋስ ይገፋታል።"

"ነፋስ ሲነሳ ጥግ ይዘን እንቆማለን።"

"ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር ይዞ ነው የሚሄደው።"

"ከኋላ የምትቀመጠው ልጄ ናት። ልጄ ደግሞ ገና አጭር ናት።"

አጎቴ ኮፈኗን ከፈተና ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና ሲል የፌዝ ፊቱ ጠፍቶ ነበር። "መቼም ሞተሯን ማማት ኃጢአት ነው" አለ። "ይሄ ሞተር አይሞትም። መለዋወጫዋ በየሱቁ ሞልቷል። ጭቃ ሲሆን ትልልቆቹ ቆመው ጎማቸውን ሲያሽከረክሩ እሷ ሹልክ ብላ ታልፋለች። በአንድ መዶሻና በሦስት መፍቻ ትፈታለች፣ ትገጠማለች።" ይህን ጊዜ ሲስቁብን የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ የየራሳቸውን ወሬ አመጡ። የአንዱ አማት እንዲህ ዓይነቷን ይዘው ወንዝ ተሻግረዋል፤ የሌላዋ አለቃ ሸጠዋት እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ርካሽ አሮጌ መኪናን ሰው የሚስቅባት ሳይነዳት ነው። አንዴ የነዳት ግን እንደ ዘመድ ነው የሚያወራላት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ "ዳኛዬ" ይለኛል፤ ባየሁት ነገር ሁሉ ላይ ካልፈረድኩ እንቅልፍ አይወስደኝምና። የዚያን ቀን ቁንጫን ዞር ዞር ብዬ አየኋትና "ጥሩ ናት፣ ትኑር" ብዬ ፈረድኩ። ያ ፍርዴ ልክ ነበር። ጉዱ ቀጥሎ የፈረድኩት ነው።

አባቴ ስለ ሞተሯ ብዙም አላወራም። እሱ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነበር። "ወንበሯ ከፍ ያለ ነው። ቁጭ ስትዪ አራቱም ጥጓ ይታይሻል። የፊቱም፣ የኋላውም፣ ግራና ቀኙም።" ይህን እናቴ ዕቃ ስታጥብ ይነግራታል፤ ገበታ ላይ ይነግራታል፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ይነግራታል። "እሺ፣ ሰምቻለሁ፣ ይታያል" ትለዋለች። ጉራውን የሚነዛ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እሱ አለመንዳቱ ነው። በመጣች በማግስቱ ቁልፉን እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠው። እናቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምታወራ ሴት። ከልብስ ስፌት መኪና በቀር ሌላ መኪና ረግጣ አታውቅም። ትምህርቱ ከትምህርት ቤቴ ጀርባ ባለው የኳስ ሜዳ ተጀመረ፤ እናቴ መሪው ላይ፣ አባቴ ከጎኗ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አድርጎ፣ እኔ ከኋላ ከመጋረጃ ጥቅሎች ጋር።

"ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂው" ይላታል። "እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አልጋ ላይ እንደምታስተኚው።"

ቁንጫ ሁለቴ ዘለለችና ጠፋች።

"ሕፃኑ ወደቀ" አልኩ ከኋላ።

"አንቺ ዝም በይ!" አሉኝ ሁለቱም በአንድ አፍ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ አባቴ። "በይ፣ እንደገና።"

እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። ሳምንታት ሄዱ። አንድ ቀን እናቴ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ "ብቻዬን ስሆን ቢጠፋብኝስ?" አለችው። አባቴ "ብቻሽን መሆኑን ትለምጂዋለሽ" አላት። "እኔ ሁልጊዜ አጠገብሽ አልቀመጥም።" ይህን ሲላት እጇን ይዞ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ከጥቅሎቹ ኋላ ሆኜ የሰማሁት ቃሉን ብቻ ነው።

ቤት ውስጥም ነገር ነበር። እናቴ ውሃ ስትሰጠው አይቀበላትም። ከጎኑ ቆማ ብርጭቆውን ትዘረጋለታለች፤ እሱ ፊት ለፊት እያየ ወሬውን ይቀጥላል፤ እጇ አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ ምንም ሳትናገር እጁን አንስታ ብርጭቆውን መዳፉ ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ተኳርፈዋል አልኩ። መተላለፊያው ላይ በርጩማ ትቼ ተሰናክሎ የወደቀ ዕለት፣ በሕይወቱ ተቆጥቶኝ የማያውቀው ሰው ጮኸብኝ። እናቴ ደግሞ እኔን ትታ እሱን አቅፋ አለቀሰች። ጎረቤት ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋለት ዝም ብሎ ያልፋል፤ "ቁንጫ ገዝቶ እንዲህ የኮራ፣ ዝሆን ቢገዛ ምን ሊሆን ነው?" ተባለ። አንድ ከሰዓት ደግሞ እናቴ የስፌት መኪናዋን እያንጫጫች ከአባቴ ጋር ስታወራ በሩ ሥር ሆኜ ሰማሁ።

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው? እኔ በቃኝ።"

"ፈተናውን እለፊ። ያለፍሽ ቀን ያበቃል።"

"ልጅቷስ?"

"ያኔ እንነግራታለን። አሁን ምን አስቸኮለን?"

ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። አባቷ ለእናቷ መኪና ገዛላት፤ በወሩ እናትየው ልብሷን ጭና ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እናቷን የምታየው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ዳኛዋ ፈረደች። አባዬና እማዬ ሊለያዩ ነው። ቁንጫ የተገዛችው ለእማዬ መሄጃ ነው። መንጃ ፈቃዱን ያገኘች ቀን ቤታችን ያበቃል።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። የአባቴ ዓይን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነበር። የበሽታውን ስም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ በዘር ስለሚወርድ እኔም በየዓመቱ እመረመራለሁ፣ እስካሁን ደህና ነኝ። ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ግራና ቀኙን፣ እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ብርጭቆውንም፣ በርጩማውንም፣ የጎረቤቱንም እጅ አላያቸውም። እንዲህም ሆኖ በየቀኑ ስልሳ ሰው ጭኖ ይወጣ ነበር። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ይላል። ማታ መንዳቱን ትቷል። ግን ቁንጫን ከመግዛቱ ከአንድ ሳምንት በፊት በግራ በኩል የመጣ ብስክሌተኛ ሳያይ ቀርቶ፣ ሰውየውን ያተረፈው የረዳቱ ጩኸት ነው። አባቴን እወደዋለሁ፤ ይህን ሳስብ ግን ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ብስክሌተኛው በተረፈበት ዕለት እሱና እናቴ ተማማሉ። የእሱ ደመወዝ ከቆመ ቤቱ በእሷ መርፌ ላይ ይወድቃል። ኮረብታው ላይ አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነበር፤ መስኮት ሁሉ መጋረጃ ይፈልጋል፤ መንገዱ ግን ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ታክሲ አይወጣውም። የሚያስፈልጋት ርካሽ፣ ከፍ ያለች፣ ዳገት የማትፈራ፣ የትም ብትቆም ማንም መካኒክ የሚያስነሳት መኪና ናት። እሷ መንጃ ፈቃዱን ባገኘች ዕለት እሱ የአውቶቡሱን ቁልፍ ያስረክባል። እናቴ ሁለቴ ተፈትና ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው ካልተሳካላት ቀጣዩ ፈተና ከአራት ወር በኋላ ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ደግሞ ስንት ብስክሌት ያልፋል።

እኔ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው የፈተናው ቀን መድረሱን ነው።

የቁንጫ በር አይቆለፍም ነበር። የአሮጌ መኪና ነገር፣ ቁልፉ ይዞራል፣ በሩ ግን እንደተከፈተ ነው። ስለዚህ አባቴ ሌባ እንዳይወስዳት የድሮ ሹፌሮች የሚያደርጉትን ያደርጋል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድል ክብ ነገር ሞተሩ ላይ አለ፤ ክዳኑ ሥር አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ቁራጭ ትሽከረከራለች። መኪናዋ ስታድር እሷን ያወጣና መደርደሪያው ላይ ሬዲዮው አጠገብ ያስቀምጣታል። ያለ እሷ ቁንጫ ብትገፋም አትነሳም። "ልቧ" ይላታል። ጠዋት ሲመልሳት ሰማይ ሰማዩን እያየ በጣቱ ዳብሶ ነው የሚገጥማት። ችሎታውን የሚያሳየኝ እየመሰለኝ አጨበጭብለት ነበር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ ልቧን ሰረቅሁ።

እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ "ነገር በሦስተኛው ይጸናል" እያለች ጫማዋን ታስራለች። አባቴ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ሬዲዮውን ገፋ አደረገው። መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።

"አንቺ፣ ልቧን አንስተሻል?" አላት።

"እኔ ምን ላደርጋት?"

እኔ ጓሮ ውስጥ፣ ውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቁራጯ በላብ የራሰ መዳፌ ውስጥ ናት። ያሰብኩት ከአጥሩ ማዶ ልወረውራት ነው፤ እዚያ ጉድጓድና እሾህ ስላለ ማንም አያገኛትም። እጄን አነሳሁ።

"ዳኛዬ?" አለ አባቴ ከኋላዬ።

ክው ብዬ ደነገጥኩ። ቁራጯ ከእጄ አምልጣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀችና እየነጠረች ሄዳ አባቴ እግር አጠገብ ቆመች። ያለቀልኝ መሰለኝ። ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

"እማዬ እንዳትሄድ ብዬ ነው! ትታን እንዳትሄድ ብዬ ነው ልቧን የወሰድኳት!"

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ተንበረከከ። ግራ እጁን ሲሚንቶው ላይ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ጀመረ። ቁራጯ በቀኝ ጉልበቱ በኩል፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ፀሐይ ላይ ፍንትው ብላ ትታያለች።

"አባዬ፣ እዚያው እኮ ናት።"

"የት?"

"አጠገብህ። ጉልበትህ ጋ።"

እጁ ወደ ሌላኛው ጉልበቱ ሄደ። ሲሚንቶውን ዳሰሰ፣ አቧራውን ዳሰሰ፣ አንድ ደረቅ ቅጠል አነሳና መልሶ ጣለው። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም ነበር። አፍሮ ነበር። አባቴ ሲያፍር ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ለቅሶዬ ቆመ። ቁራጯን አነሳሁ፣ እጁን ያዝኩ፣ መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት፣ ጣቶቹንም አጠፍኩለት። ይህን ሳደርግ እናቴ ብርጭቆውን እንዴት እንደምትሰጠው ትዝ አለኝና ኩርፊያ እንዳልነበረ ገባኝ።

"አይታይህም?" አልኩት።

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። "በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው። ፊትሽን አየዋለሁ። እግርሽን አላየውም።"

"ታዲያ አውቶቡሱ?"

"እናትሽ የምትፈተነው ለእሱ ነው። ዛሬ ካለፈች ዛሬውኑ ቁልፉን አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ ሹፌሯ እሷ ናት።"

"እና አትሄድም?"

"ወዴት?" አለ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገባውና ሳቁ መጣበት፤ ሳቁም ዕንባውን ይዞት መጣ። "ቁንጫን ይዞ ሩቅ አይኬድም ልጄ፤ ወገብ አይችለውም።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። "ስሚ፣ ዳኛ" አለችኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንቺ ግን ለቅሜ የማልጨርሰውን ልታፈሺብኝ ነበር።" ከዚያ በሰማያዊ ቀሚሷ አቧራው ላይ ተንበርክካ እቅፍ አደረገችኝ። "እኔ እናንተን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ?" አለች። አንገቷ ሥር የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሳስቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፈተናው በየራስ መኪና ነበር። ፈታኙ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ቁንጫ ውስጥ ለመግባት ወገቡን ሁለት ቦታ ማጠፍ ነበረበት። እኔና አባቴ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ እኔ አያለሁ።

"ሁለተኛ ማርሽ አስገባች" ይላል።

"አዎ፣ በምሰሶዎቹ መሃል እየዞረች ነው።"

"አልነካችም?"

"አልነካችም።"

ከሜዳው ጫፍ ዳገት አለ። ዳገቱ መሃል ቆሞ እንደገና መነሳት ግዴታ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው እዚያ ነው። ቁንጫ ወጣች፣ መሃል ላይ ቆመች፣ ልትነሳ ስትል ተንቀጠቀጠችና ድምፅዋ ጠፋ። አባቴ ክንዴን ጨመደደኝ።

"ጠፋባት። ምን እየሆነ ነው? ንገሪኝ!"

"ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ነው።"

"የእጅ ፍሬን" አለ በሹክሹክታ፣ እዚያ ማዶ የምትሰማው ይመስል። "የእጅ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን..."

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር። "ወጣች" ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ሌላ የሚያይለት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት። "አሁንም እየተንሸራተተች ነው፣ አባዬ። አሁን... አሁን ቆመች። ቀጥ አለች!"

ሞተሩ ተነሳ። የሚጠብቀውን ድምፅ ሰማሁት፤ ሕፃኑን ሳትጥል አልጋው ላይ ስታስተኛው የሚሰማውን። ቁንጫ ነቅነቅ ሳትል ዳገቱን ወጣችና ጫፉ ላይ ደረሰች። አባቴ ክንዴን ለቀቀኝ። ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ለሦስት ቀን ሰማያዊ ሆኖ ቆየ፤ እኔም በኩራት ለክፍል ጓደኞቼ አሳየሁት።

ፈታኙ ተጣጥፎ ወጣ። ወረቀቱን መኪናዋ ኮፈን ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ጻፈ። "ዳገቱ ላይ ተንሸራትተሻል" አላት። "ግን ሳትደናገጪ አቁመሽ ተነስተሻል። እኔ የምፈልገውም እሱን ነው። ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ዓይነቷ ነበረችው፤ እሷን ዳገት ላይ ያስነሳ ሰው ማንኛዋንም ያስነሳል።" ፈረመላት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ቁንጫን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዳቻት። ኮረብታው ላይ ያለው መስኮት በሙሉ ማለት ይቻላል የእሷን መጋረጃ ለበሰ። አጎቴ እየፈታ ሲገጥማት አንድም ቀን ሳይሰድባት ቀርቶ አያውቅም፤ ግን ሌላ መካኒክ እንዲነካትም አይፈቅድም ነበር። አባቴ ቤት ሆኖ ጨርቅ መቁረጥ ተማረ። በጣቱ ለክቶ ይቆርጣል፤ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ እናቴም የተሳሳተውን ለእኔ ቀሚስ ታደርገዋለች።

የዚያን ቀን ግን ከፈተናው በቀጥታ የሄድነው አውቶቡሶቹ ወደሚያድሩበት ግቢ ነው። እናቴ ቁንጫን በሁለት ትልልቅ አውቶቡሶች መሃል አቆመቻት። በር ላይ የቆሙ ሹፌሮች ሳቁ፣ መሪ ላይ ያሉትም ክላክስ አስጮኹ። አባቴ ማንንም አልሰማም። የአውቶቡሱን ቁልፍ ከወገቡ ላይ ፈታና ወደ ቢሮው ገባ። ቆየ። እናቴ መሪውን እንደያዘች በሩን በሩን ታያለች። እኔ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈራሁ፤ ትንሽ ደግሞ እንዲለውጥ ተመኘሁ፣ ሲገባ ያየሁት ፊቱ ስላሳዘነኝ።

ሲወጣ ቁልፉ የለም። ብብቱ ሥር የሹፌር ወንበሩን ትራስ ይዟል፤ እናቴ የሰፋችለት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦበት መሃሉ የጎደጎደ። ሹፌሮቹ መንገድ ለቀቁለት። አባቴ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል በሌላ እጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣ። ሮጬ ሄድኩ። እጁን ከግድግዳው አንስቶ ሰጠኝ።

መኪናዋ ጋ ስንደርስ "እስኪ ብድግ በይ" አላት እናቴን። ትራሱን ወንበሯ ላይ አደረገና በመዳፉ አደላደለላት። እናቴ ተቀመጠችበት። እሱ ዞሮ ገባ፤ እኔም ከኋላ ገባሁ።

"ተመቸሽ?" አላት።

"ተመቸኝ።"

"በይ እንግዲህ ሂጂ።"

እናቴም ሄደች፤ ሁለታችንንም ይዛ።